በሦስቱም ፋይል ውስጥ የሌለው ገጽ

ዳማሪስ ያን ዕለት ከጤና ጣቢያው ስትወጣ እግሯ ብቻ ሳይሆን ምላሷም ዝሎ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሕፃናት ስትከትብ፣ እናቶቻቸውን ስታባብል ነው የዋለችው። ቤቷ ገብታ ጫማዋን ወርውራ ብትጋደም ማንም አይፈርድባትም። ግን ከየት ተገኝቶ! አባቷ ዶን ኒካኖር በረንዳው ላይ፣ የመረብ አልጋው ውስጥ ተጋድሞ ይጠብቃታል። መጽሐፉ መውጣቱን በሬዲዮ ሰምቷል።

ባለፈው ዓመት ከዋና ከተማ የመጡ አጥኚዎች፣ በጦርነቱ ዘመን ከወንዙ ዳር የተፈናቀለውን ሰው ቃል እየዞሩ ሲቀዱ የነዳማሪስ መንደር ቩኤልታ ኦንዳም ደርሰው ነበር። ዶን ኒካኖር ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ መቅረጫ ከያዘች ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ እስኪመሽ አወራ። ሲለያዩ ልጅቷ፣ "በኢንተርኔት በነፃ ነው የምናወጣው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ የፈለገ ያትመዋል" አለችው። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው ሌላ ነገር አልፈለገም። ዓይኑን ስኳር ወስዶበታል፣ ጀልባው ተሸጧል፣ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። ከመሞቱ በፊት የራሱ ቃል ከመጽሐፍ ሲነበብ መስማት፣ የቀረው ምኞት ይኸው ነበር።

ቩኤልታ ኦንዳ ውስጥ ኢንተርኔት የሚገኘው አደባባዩ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ተደግፈው ሲቀመጡ ብቻ ነው። ዳማሪስ ከፍቅረኞችና ኳስ ከሚያዩ ጎረምሶች መሃል ተሸጉጣ ድረ ገጹን ከፈተች። መጽሐፉ በሦስት ዓይነት ተቀምጧል፦ እዚያው የሚነበብ፣ ለስልክ የሚሆን፣ ለማተም የሚሆን። የሚታተመውን መረጠች። ፋይሉ እየተንፏቀቀ ወርዶ ወርዶ ሊያልቅ ሲል ተቋረጠ። እንደገና ጀመረች። በስንት መከራ ከወረደላት በኋላ መፈለጊያው ላይ የአባቷን ስም ጻፈች።

"አልተገኘም" አላት።

ያለ አባት ስም ሞከረች። ሰው የሚጠራበትን "ጀልበኛው" የሚለውን ሞከረች። የለም። ጎረቤታቸው ዶኛ ኦቲሊያ ከነፍየሎቿ አለች። የድሮው ደወል ደዋይ አለ። ሲሸሹ ከኋላቸው እየዋኘ የተከተላቸው ውሻ ሳይቀር አለ። ምናልባት የሚታተመው አጥሮ ይሆናል ብላ የስልኩን አወረደች፤ እሱም ላይ የለም። እዚያው የሚነበበውን እስከ መጨረሻው ገፋችው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። አንድ መጽሐፍ በሦስት ዓይነት ስላስቀመጡት ሦስት መጽሐፍ እንደማይሆን ጠፍቷት አይደለም፤ ሰው ተስፋውን ባንድ ጊዜ ስለማይቆርጥ ነው። እዚያው ተቀምጣ ለአጥኚዎቹ ጻፈች። መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ፣ ትሕትናም አልጎደለውም፦ የተሰበሰበው ቃል ብዙ ነው፣ ሁሉን ማስገባት አልተቻለም፣ አባትዎን ያመስግኑልን።

ቤት ስትገባ አባቷ ሰላም እንኳ ሳይላት፣ "አለሁ?" አለ።

ደክሟት ነበር። ባይደክማት ኖሮ ቀስ አድርጋ ትነግረው ነበር ይሆናል።

"አለህ አባዬ" አለች።

ፊቱ ሲበራ ካየች በኋላ መመለሻ አልነበራትም።

"እንግዲያ አሳትሚውና አንብቢልኝ።"

"ስልኬ ላይ አለ እኮ። እንዲያውም ስልኩ ራሱ ያነብልሃል።"

"እቺ የስልኳ ሴትዮ? ሙታኖቼን እኮ የአውቶቡስ ፌርማታ እንደምትጠራ ነው የምትጠራቸው! አንቺው አንብቢልኝ። ደግሞ ልዳስሰው። ካላዩበት ዓይን ግንባር ነው፣ እሺ፤ ጣቴ ግን መች ሞተ?"

የኮፒ ቤቱ ባለቤት ሉዲስ የዳማሪስ አብሮ አደግ ናት። አፏ አያርፍም።

"አንቺ ሴትዮ፣ ቀለሜን ልትጨርሺው ነው! በነፃ ያገኛችሁትን ሁሉ እኔ ማተሚያ ላይ ነው የምታራግፉት።"

"በፊትም በጀርባም አትሚው። ፊደሉን ደግሞ እንዳታሳንሺው፣ የኔም ዓይን እየደከመ ነው።"

"እሺ እመቤቴ። ሌላ ትዕዛዝ?"

"ኮምፒውተርሽን አውሺኝ። አንድ ገጽ የምጽፈው አለኝ።"

ከአፏ ፈጥራ ብታነብለት ይቀላት ነበር። ነገር ግን ዓይኑ የጠፋ ሰው ጆሮው አይሸወድም፤ የሚያነብ ሰውና የሚፈጥር ሰው ድምፁ አንድ አይደለም። ስለዚህ ወረቀት ያስፈልጋታል። ታሪኩን እንደሆነ በቃሏ ታውቀዋለች፤ በየሰርጉና በየለቅሶው ሲያወራው ነው ያደገችው። ታጣቂዎቹ መጡ። የአሥራ አራት ዓመት ልጁን፣ እሷን ራሷን፣ ሊወስዷት ፈለጉ። እሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ አለቃቸውን ዓይን ዓይኑን እያየ፣ "እዚህ ቤት ሴት ልጅ የለችም፤ ሂዱ!" አላቸው። ሄዱ። የዚያኑ ዕለት ሁሉም በጀልባ ወጡ።

በምሳ ሰዓቷ፣ የቀዘቀዘ የዩካ ሥር ቅቅል በአንድ እጇ እየጎረሰች፣ በመጽሐፉ ፊደል ዓይነት ጻፈችው። አንዳንዴ ዓይኗ ይከደንና ጣቷ ብቻውን ይሄዳል። ስትጨርስ መልሳ አላነበበችውም። ከየት ባመጣችው ጉልበት!

ገጹ ከማተሚያው ሲወጣ ሉዲስ አነሳችና አየችው። ዝም አለች፤ ሉዲስ ዝም ስትል ዝናብ ሊመጣ ነው ይላሉ ሰፈርተኞች።

"ይሄን አላውቅም ነበር" አለች በመጨረሻ።

"የቱን?"

"ተይው። ገጹ ቁጥር የለውም፣ ልስጠው?"

"እሱ መች ያያል ብለሽ።"

ሉዲስ ገጹን ከዶኛ ኦቲሊያ ቀጥሎ አስገብታ ጠረዘችው።

ከዚያ በኋላ ዳማሪስ ከሥራ በገባች ቁጥር ማንበብ ሆነ። ዶን ኒካኖር በስኳር ታሞም ያልተወውን የሸንኮራ ውሃ እየጠጣ ያዳምጣል፣ ጎረቤቶቹን ያርማል።

"ሦስት ፍየል ነው ያለችው? እቺ ኦቲሊያ! ሁለት ነበሩ፤ አንዷም የኛ ነበረች። ሰው መጽሐፍ ላይ ሲወጣ ሀብቱ ይበዛል።"

ዳማሪስ ትስቃለች፣ ግን ገጹ በቀረበ ቁጥር ንባቧ ይዘገያል። የደረሰ ቀን፣ "ያንተ ጋ ደረስን" ስትለው ከመረብ አልጋው ተነስቶ ወንበር አስመጣ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆለፈ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ አለ።

"'ስሜ ኒካኖር ነው። በዚህ ወንዝ ላይ ጀልባ ስነዳ ነው የኖርኩት'" ብላ ጀመረች። አባቷ ራሱን ነቀነቀ። "'የመጡት በጠዋት ነው። ልጅህ የት አለች አሉኝ። የለችም፣ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች አልኳቸው። አለቃቸው ሳቀ። ያን ጊዜ ተንበርክኬ ጫማውን ያዝኩ። እኔን ውሰዱኝ...'"

ቆመች። ቃሉ ግን ወጥቷል።

ወረቀቱን አየችው። የሷው ጽሑፍ ነው፤ ሌላ ማንም አልነካውም። ድካም ላይ ሆና ጣቷ የጻፈው ጆሮዋ ሲሰማ የኖረውን ሳይሆን ዓይኗ ያየውን ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ይዛው የኖረችው ነገር፣ በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም።

ወንዙ ላይ አንድ ሞተር ጀልባ አለፈ። ድምፁ ራቀ።

"ይሄን አላልኳቸውም" አለ ዶን ኒካኖር። "ለማንም አላልኩም። እናትሽ እንኳ ሳታውቀው ነው የሞተችው።"

"አባዬ..."

"የት ነበርሽ?"

"ከተገለበጠው ጀልባ ሥር።"

"ጫካ ግቢ ብዬሽ አልነበር!"

"ብቻዬን መራቅ ፈራሁ።"

"ሲረግጠኝም አየሽ?"

"ሲረግጥህም።"

እጁን ሰደደና ወረቀቱን ፈልጎ አገኘው። ፊደል የሚዳሰስ ይመስል በጣቱ አሻሸው።

"ይሄን ሁሉ ዘመን፣ ቆሜ ተናገርኩ እያልኩ ስቀባጥር ዝም ብለሽ ሰማሽኝ?"

"ቆመህ ስታወራው ያምርብህ ነበር" አለች። "ምን ልበልህ?"

ሳቅ የመሰለ ነገር ከአፍንጫው ወጣ። ወዲያው ግን አንገቱ ዘመመ።

"እንግዲያ መጽሐፉ ውስጥ የለሁም።"

"የለህም። ፈልጌ ፈልጌ አጣሁህ። የሚታተመው ላይ፣ የስልኩ ላይ፣ ሁሉም ላይ። ጻፍኩላቸውም፤ ቦታ አልበቃንም አሉ።" ማልቀስ አላሰበችም ነበር፤ የሰነበተው ድካም ሁሉ በዓይኗ መጣ። "አለህ ያልኩህ ቆርጬ መንገር አቅቶኝ ነው።"

ዶን ኒካኖር የሸሚዙን የላይኛ ቁልፍ ፈታ። ጥቂት ተነፈሰ።

"የጣሉት ቆሜ የተናገርኩትን ነዋ" አለ። "ደግ አደረጉ። ውሸት ነበር።"

"አባዬ፣ እንደዚያ አትበል።"

"ይሄ ገጽ ቁጥር አለው?"

"የለውም።"

"ነገ ውሰጂና ሉዲስ ትስጠው።" እጁን ከወረቀቱ ላይ አነሳላት። "ደክሞሻል?"

"ደክሞኛል።"

"እኔም ደክሞኛል። እንግዲያ ያቺን ገጽ ብቻ አንብቢልኝ" አለ፤ "ከተንበረከክሁበት ጀምሪ።"