ሰውየው አመነ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሠፈራችን ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ፊልም ይታያል። ሲያልቅ ተመልካቾች አስተያየታቸውን ይናገራሉ፤ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል፤ ፊደል ግን አልገድፍም። ለዚህ ነው ሥራው ለእኔ የተሰጠው።

የዚያን ቀን ያየነው በሰባዎቹ ዓመታት የተሠራ የወንጀል ፊልም ነበር። ዝናብ፣ ጭቃማ ጎዳና፣ ጢሙን ያልተላጨ መርማሪ። መርማሪው የጠረጠረውን ሰው ምድር ቤት አስገብቶ ይደበድበዋል። በመጨረሻ ሰውየው ያምናል፤ ይፈርማል።

«መኪኖቹ ሲሳደዱ ወንበሬን ይዤ ስነዳ ነበር» አለ የታክሲ ሹፌሩ።

«አንተማ ተኝተህም ትነዳለህ» አለችው ዳቦ ጋጋሪዋ። «እኔን ያናደደኝ መርማሪው ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ካፖርት! ሚስት የለችውም እንዴ?»

«ሚስት ብትኖረውማ የሚመረመረው እሱ ነበር» አለ ሹፌሩ።

ሰው ሳቀ። ሁሉንም ጻፍኩ።

ቀጥሎ አባቴ ተነሡ። ጡረታ የወጡ መርማሪ ናቸው፤ ሠፈሩ «መቶ አለቃ» ይላቸዋል።

«ሥራው በእርግጥም እንዲህ ነበር» አሉ። «ዱላውን ተዉት። ሰውየው ግን አመነ። ካመነ አመነ ነው፤ ሌላ ምን ይፈለጋል?»

«ሰውየው አመነ» ብዬ ጻፍኩ።

ልብስ ሰፊው ከኋላ ወንበር ተነሣ። ከዚያ በፊት አስተያየት ሰጥቶ አያውቅም።

«መቶ አለቃ፣ እኔም እኮ አምኜልዎት ነበር።»

በመጋዘን ስርቆት ሦስት ዓመት መታሰሩን ሁላችንም እንሰማ ነበር። የመረመሩት አባቴ መሆናቸውን ግን አላውቅም ነበር።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌባው ሰፊ ስባል ኖሬአለሁ» አለ። «ልጄም የሌባ ልጅ ተብላ አደገች። ዛሬ በሰው ፊት ይንገሩኝ። ሰርቄ ነበር?»

አባቴ የፊታቸውን ወንበር መደገፊያ ያዙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጻፍ፤ አምኜው ነበር።»

እኔ «አምኖ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። እንደ ልማዴ መልሼ አነበብኩላቸው።

«አይደለም» አሉ። «እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ገና በመጀመሪያው ቀን አልሰረቅኩም ሲለኝ አምኜው ነበር። አለቆቼ በሳምንት ውስጥ ሌባውን አምጣ አሉኝ። እያወቅሁ ቀጠልኩበት።»

ሰርዤ አስተካከልኩ።

ልብስ ሰፊው ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። አልጮኸም።

«ይፈርሙበት» አለ። «መጀመሪያ ግን ያንብቡት። እኔ ያኔ የፈረምኩትን አላነበብኩም፤ ዓይኔ አብጦ ነበር።»

አባቴ መነፅራቸውን አውጥተው ጮክ ብለው አነበቡ። «አምኜው» የሚለው ላይ ሲደርሱ አቆሙ። እንደገና ከላይ ጀመሩ። ከዚያ ፈረሙ።

«ለልጄ ነው» አለኝ ልብስ ሰፊው። ገጹን ቀድጄ ሰጠሁት። አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና አባቴን ሳያይ ወጣ።

አባቴ እዚያው እንደ ቆሙ ቀሩ። ማንም ወንበር አላቀረበላቸውም። እኔም አላቀረብኩም።