ዘይት ብቻ

«ይደፋ አልኩ፣ ይደፋ!» አለ የሟቹ ልጅ መምህሩ፣ ግንቡ ሥር ወደተደረደሩት ስምንት ጀሪካኖች ጣቱን ቀስሮ። «ለቅሶ ደራሽ መቀመጫ አጥቶ ቆሟል፣ የተቃጠለ ዘይት እንደ ክቡር እንግዳ ጥላ ሥር ተጎልቷል!»

«ሬሳዬን ተራምደህ ነው የምትደፋው» አለች ታናሽ እህቱ።

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሲኒያቸውን እንደያዙ ቀሩ። አባት ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ እንዲህ ያለ ቃል በለቅሶ ቤት ይወጣል? አንዷ «ውይ በሞትኩት!» ብላ አፏን በእጇ ያዘች፤ እሷም ብትሆን ከዚያ የተሻለ ቃል አላገኘችም። ልጅቷ ግን ያለችውን ለማስተባበል አልሞከረችም። የከተማ አውቶቡስ ስለምትነዳ ሰፈሩ «ሹፌሯ» ነው የሚላት። ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ስትጨቃጨቅ የምትውል ሴት ወንድሟን አትፈራም።

«ዘይት ሰብሳቢው ነገ ይመጣል» አለች። «አባዬ ቀጥሮታል። እስከዚያ ማንም አይነካውም።»

«አባዬ ሞቷል።»

«ለእኔ ነው የምትነግረኝ?»

«ምነው፣ ላንቺማ መንገር ያስፈልጋል! በዓመት ሁለቴ ብቅ የምትዪ ልጅ፣ ዛሬ የጀሪካን ዘበኛ ሆነሽ ቁጭ!»

እውነቱን ነው። ስለዚህም የበለጠ ጠላችው። አንዱን ጀሪካን ተደግፋ ተቀመጠች፤ እሱም ጥርሱን ነክሶ ወንበር ፍለጋ ወደ ቤት ገባ።

በሩ አጠገብ ደግሞ ልብስ ሰፊው ተቀምጧል። ከግንቡ ወዲያ ያለው ጎረቤት ነው። ትናንትም እዚያችው ወንበር ላይ ነበር። ቀብር አልሄደም፣ «እግዜር ያጽናችሁ» አላለም፣ ሻይ ሲሰጡት አልተቀበለም። ሱሪው ላይ ክር ተለጥፎበት፣ ዓይኑን ጀሪካኖቹ ላይ ተክሎ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለች አንዷ ሴት በሹክሹክታ። «አሥራ ሁለት ዓመት ሰላም ሳይለው ኖሮ፣ አሁን ምን ሊሆን መጣ?»

«መሞቱን ሊያረጋግጥ ነዋ!» አለች ሌላዋ።

ሹፌሯ ሰማቻቸው። የዚህን ቂም ምክንያት ሰፈሩ ሁሉ አውቃለሁ ይላል። እውነቱን የሚያውቁት ግን ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሄደ፣ እሷ ቀረች። ብትናገር በለቅሶው መሐል ትዋረዳለች። ዝም ብትል ደግሞ አባቷ ያልሠራውን ጥፋት ተሸክሞ ይቀራል፤ ይህ ክር የተለጠፈበት ሰውዬም ዕድሜ ልኩን የሟችን ስም ሲያነሳ ይተፋል። ከቀብሩ ጀምሮ ያንገበገባት ይሄው ነው።

አባቷን ሰፈሩ «ጋሽ ጠብታ» ይለው ነበር። ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በዚህ ሰፈር ዘይት ለመቀየር ጋራዥ የሚሄድ ሰው የለም፤ ሁሉም በየግቢው መኪናውን በክሪክ ያነሳል፣ ብሎኑን ይፈታል፣ ጥቁሩን ዘይት ያወርዳል፤ ከዚያ የት እንዳደረሰው አትጠይቁት። ጋሽ ጠብታ ግን ይጠይቃል። በር እያንኳኳ ይጠይቃል። «ቦይ ውስጥ እንዳትደፋው አደራ! ጀሪካን ላምጣልህ?» ይላል። የሰበሰበውን በጋሪ እየገፋ ያመጣል፤ ጀሪካኑ ላይ በማይለቅ ቀለም «ዘይት ብቻ» ብሎ ከነቀኑ ይጽፍበታል፤ ክዳኑን እንደ መድኃኒት ጠርሙስ አጥብቆ ይዘጋል። ፊልትሮውን ደግሞ ጀርባውን በሚስማር ይበሳውና፣ አፉን ወደታች ደፍቶ፣ ሥሩ ከወገቡ የተቆረጠ ጠርሙስ ደቅኖ፣ አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት ያንጠባጥበውና ለሰብሳቢው ባዘጋጀው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። «ባዶ ይመስላችኋል እንጂ ብርጭቆ ሙሉ ዘይት ሆዱ ውስጥ ይዟል» ይላል። የሰፈሩ ቀልደኞች «ጋሽ ጠብታ ሲያስነጥሰውም ጠርሙስ ይደቅናል» ይሉት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር።

በየሦስት ወሩ የሰብሳቢው መኪና ይመጣል። ዘይቱ ተጣርቶ ተመልሶ ዘይት ይሆናል፣ የፊልትሮው ብረት ይቀልጣል። የሞተ ዕለት ጠዋትም የአንዲት የሰፈሩ ነርስ መኪና ዘይት ቀይሮላት ነበር። ዘይቱን ስምንተኛው ጀሪካን ውስጥ ገለበጠ፣ ፊልትሮውን ደፋ፣ እጁን በሳሙና ታጠበ። «ትንሽ ደከመኝ» ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ በዚያው ቀረ። ፊልትሮው አሁንም ግንቡ ጥግ ጠርሙሱ ላይ እንደተደፋ ነው። እሱንም የሚነካ ሰው ወዮለት ብላለች ሹፌሯ።

እንዲህ ያለ ሰው እንዴት የጎረቤቱን ጓሮ ዘይት ደፍቶ ያበላሻል? የሰፈሩ ሰው አንድም ቀን ይህን አልጠየቀም። ሰው መፍረድ ሲፈልግ መች ይጠይቃል።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ሹፌሯ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ሳምንት አልሞላትም። አባቷ «መኪና የሚነዳ ሰው ዘይት መቀየር ይወቅ» ብሎ ቁልፉን ሰጣት፤ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ አፉን ብቻ አንቀሳቀሰ። «ሞተሩን አሙቂው። ብሎኑን ወደ ግራ። ፊትሽን ዘወር አድርጊ፣ ያቃጥላል!» ሁሉንም በሥርዓቱ ሠራች። ሳፋው ሙሉ ጥቁር ዘይት ሆነ። «በይ አሁን ጋራዡ ወስደሽ በርሜላቸው ውስጥ ገልብጪ» ብሏት ለጉዳዩ ወጣ።

ጋራዡ ከመንገዱ ማዶ ጫፍ ነው። ጓደኞቿ ደግሞ በር ላይ ቆመው ይጠሯታል፣ አዲስ ጫማ አድርጋለች። ወዲያ አየች፣ ወዲህ አየች። ከግንቡ ሥር ለዝናብ ውሃ የተተወች ቀዳዳ አለች። ሳፋውን እዚያ አዘነበለችው። ዘይቱ ያለ ድምፅ ሾልኮ ሄደ። ማታ አባቷ «ዘይቱስ?» ሲላት «ወስጄዋለሁ» አለችው።

ከግንቡ ወዲያ የልብስ ሰፊው ጓሮ ነው። ሚስቱ ከመሞቷ በፊት የተከለችው የሎሚ ዛፍ ነበር፤ ሰውየው ውሃ ሲያጠጣው እንደ ሰው ያዋራው ነበር። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ረገፈ፣ ግንዱ ደረቀ። አንድ ቀን ልብስ ሰፊው ሁለት እፍኝ ጥቁር አፈር ይዞ መጣና ደጃፋቸው ላይ በተነው።

«አሽትተው!» አለ ለአባቷ። «አሽትተው፣ የራስህ ነው!»

አባቷ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ከዚያ ቀና አለና ልጁን አንድ ጊዜ አያት። አንድ ጊዜ ብቻ። «እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይቅር በለኝ።»

ይቅር አላለውም። አባቷ አራት ቀን ሙሉ የዚያን ጓሮ አፈር በአካፋ እየዛቀ አወጣ፣ ቀዳዳዋን በሲሚንቶ ደፈነ፤ ሰውየው ቆሞ ሲያየው ዋለ። ቀድሞ የስፌት ቁርጥራጭ ጨርቁን በግንቡ ላይ ያቀብለው ነበር፣ ለእጅ መጥረጊያ። ከዚያ ወዲህ ግን ጋሽ ጠብታ እያየው በር ላይ ከምሮ ያቃጥለው ጀመር። አባቷ በየጠዋቱ «እንደምን አደርክ ጎረቤት» ይላል፤ ልብስ ሰፊው ፊቱን ያዞራል። ጀሪካን መሰብሰቡም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እሷን ደግሞ አንድም ቀን አልተቆጣትም። ያበገናትም እሱ ነው። ቢሰድባት፣ በጥፊ ቢላት፣ አልቅሳ ይወጣላት ነበር። እሱ ግን ዝም። ግቢው ውስጥ ጀሪካን በተጨመረ ቁጥር «ይሄ ለእኔ ነው» እያለች አኮረፈች፤ ሥራ ስታገኝ ቤት ተከራይታ ወጣች። ጥፋቱ የራሷ፣ ኩርፊያው የራሷ፤ ምን ዓይነት ሰው ነኝ ትላለች አሁን።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ የሰብሳቢው መኪና ደረሰ። ሰብሳቢው በር ላይ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ እያየ ግራ ገባው።

«ጋሽ ጠብታስ?» አለ።

«የእሱ ለቅሶ ነው» አለችው።

ቆቡን አወለቀ። ከዚያ የሚያውቀው ሥራ እሱ ስለሆነ ጀሪካኖቹን ያነሳ ጀመር። ሰባቱን ጫነ። ስምንተኛውን ሲያነሳ ክዳኑ ክፍት ነው።

«ክዳን ሳይዘጋ? እሱ?» አለ። ጠርጥሮ በጠራ ጠርሙስ ቀዳ። ጥቁሩ ከላይ ቀረ፤ ከታች ድፍርስ ውሃ ተኛ፤ የሻይ ቅጠልም አለበት።

«ማነው ውሃ የጨመረበት?» ብላ ጮኸች ሹፌሯ።

ሲኒ ስታጥብ የሰነበተችው አክስታቸው ከጓዳ ብቅ አለች። «እኔ ነኝ፣ ምነው? አፉ ክፍት ነው፣ ጥቁር ነው፣ የእጣቢ መድፊያ መስሎኝ ነዋ! ከትናንት ወዲያ ጀምሬ እዚያ ነው የምደፋው።»

«‹ዘይት ብቻ› ይላል እኮ!»

«መነጽር የለኝ፣ በምን ላንብበው? ለለቅሶ መጣሁ እንጂ ለፈተና መጣሁ?»

ሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀ። «ይሄን ከሌላው ጋር ከደባለቅኩት ሙሉ ታንከሩን ያበላሽብኛል። ለብቻው የሚወስድ መኪና አለ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። እስከዚያ ከድናችሁ አቆዩት።»

«አላልኩም?» አለ መምህሩ። «ሌላ ሳምንት! አሁንስ ይደፋ፣ ይገላግለን!»

ያን ጊዜ ነው ልብስ ሰፊው አፉን የከፈተው። በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ቃሉ ነበር።

«ድፉት እንጂ» አለ። «ቤታችሁ የለመደው ነው። ግንቡም እዚያው አለ።»

ሹፌሯ ደሟ ፈላ። መጀመሪያ የመጣላት ሰውየውን ከነወንበሩ አንስታ መወርወር ነበር። ከዚያ አባቷ ያኔ አንድ ጊዜ ብቻ ያያት ትዝ አላት።

«እኔ ነኝ የደፋሁት» አለች።

«ምን?»

«የሎሚዎን ዛፍ ያደረቅኩት እኔ ነኝ። አባዬ ቤት አልነበረም። ጋራዥ ድረስ መሄድ ሰንፌ በቀዳዳው ለቀቅኩት። እሱ አንድ ጠብታ አልደፋም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መምህሩ እህቱን አዲስ ሰው እንደሚያይ አያት። ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ ተነሳ።

«አሥራ ሁለት ዓመት» አለ። «በየጠዋቱ እንደምን አደርክ ይለኛል። በየጠዋቱ! እኔ ፊቴን አዞራለሁ። አንቺ ታውቂያለሽ፣ ዝም ትያለሽ። ቀብሩ ላይ እንኳ አልቆምኩም!» ድምፁ ተሰበረ፤ ያን ለመደበቅ ጮኸ። «ምን አስይዞኝ ነው የሄደው? ለማን ነው አሁን ይቅር በለኝ የምለው? ለጀሪካን?»

«ይቅርታ ጋሼ...»

«ተይኝ! አንቺን አላወራም!»

ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። ወንድሟም «ሰው ፊት አዋረድሽን» አላት፤ ቢሆንም የስምንተኛውን ጀሪካን ክዳን ፈልጎ አጥብቆ የዘጋው እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሳሳ። ሹፌሯ ደጃፉን ስትጠርግ ልብስ ሰፊው በበሩ ገባ። ብብቱ ሥር አንድ ትልቅ ጥቅል ይዟል። ደጃፉ ላይ፣ ያኔ አፈሩን በበተነበት ቦታ፣ ጥቅሉን ወረወረው። ተፈታና ቁርጥራጭ ጨርቅ መሬቱን ሞላው፤ ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ልብስ ጫፍ።

«ለእሱ ነው» አለ። «ላንቺ አይደለም።»

«እሺ» አለች። ከዚያ ጀርባውን ሲሰጣት፣ እንደ አባቷ አድርጋ፣ «እንደምን ዋልክ ጎረቤት» አለችው።

አልመለሰላትም። በሩንም ሳይዘጋው ሄደ። ነገም ትለዋለች።

ጨርቁን አንድ በአንድ ለቀመች። ከዚያ ግንቡ ጥግ ሄዳ ፊልትሮውን አነሳችው። ሦስት ቀን አልፎታል፤ እንደ አባቷ ደንብ ከሆነ ገና ድሮ ሳጥኑ ውስጥ መግባት ነበረበት። ጣቷን ከአፉ ሥር ይዛ ጠበቀች። ምንም አልወረደም። አንዴ ነቀነቀችው፤ አሁንም የለም፤ አልቋል። በሰማያዊው ጨርቅ ዙሪያውን ጠረገችው፣ የአባቷ ጣት የነካውን ቦታ ግን ሳትጠርግ ተወችው። ሳጥኑን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

ፊልትሮውን እንደነበረው፣ አፉን ወደታች፣ ጠርሙሱ ላይ ደፋችው።

«አንድ ቀን ይጨመርለት» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።