በተሳሳተው በር የገባው ዳቦ

አሁን ጣሪያዬ ተከድኗል፤ ዝናቡ እንደፈለገ ይውረድ። ባለፈው ጥቅምት፣ የእኛ ዝናብ ሊገባ ሲል ግን ቤቴ ራቁቱን ቆሞ ነበር፤ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ባልዲ እደረድር ነበር። በከተማችን በኩስኮ እንዳለው ቤት ሁሉ የእኔም ታቹ የጥንቶቹ ኢንካዎች ያለ ጭቃ የገጣጠሙት ድንጋይ ነው፤ ላዩን ስፔኖቹ በጭቃ ጡብ ቀጥለው ኖራ ቀብተውታል። ታቹ አስቸግሮኝ አያውቅም። በትልቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ላዩ መንገድ ላይ ሲዘረገፍ ታቹ ንቅንቅ እንዳላለ እናቴ ትነግረኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ያስለቀሰኝ ላዩ ነው። ከሸለቆው መንደር ያስመጣሁት ግንበኛ አናክሌቶ ጡቡንም ወራጁንም አድሶ ጨረሰልኝ፤ የጣሪያውን ሸክላ ለማልበስ ቅዳሜን ቆረጥን።

ጣሪያ ደግሞ እኛ ጋ ዝም ተብሎ አይከደንም። አናቱ ላይ ሁለት የሸክላ በሬዎች ከነመስቀላቸው ይወጣሉ፤ እነሱን ያመጣልሽ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞትሽ አበልጅሽ ነው። ስለዚህ ሰው ይመረጣል። ለተመረጠው ትልቅ ክብ ጣፋጭ ዳቦ ይወሰድለታል፤ ከቀመሰ እሺ አለ ማለት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ማፈግፈግ የለም። አጎቴ አንድ ጊዜ ርቦት ሳያስብ ገምጦ የሰው በዓል ሙሉ ደግሷል።

እውነቱን ልናገርና ልቤ የሚፈልጋት አበልጅ ከግድግዳው ወዲያ ነበረች። ዶሚቲላ ትባላለች፤ አብረን ነው ያደግነው፣ ግንቡንም የምንጋራው አንዱን ነው። የተጣላነው በድንጋይ ነው ብል ማን ያምነኛል? እኛ ጋ ሰው የሚኮራው በግንቡ ድንጋይ ማዕዘን ብዛት ነው፤ በእኔ በር በኩል ያለው ድንጋይ አሥራ አንድ ማዕዘን አለው፣ በእሷ በኩል ያለው አሥር። አንድ ቀን በራችን ላይ ቆመን፣ አሥራ አንደኛው ማዕዘን ሳይሆን ስንጥቅ ነው አለችኝ። እኔም ደሜ ፈላና፣ ሟቹ ባልሽም ከአሥር በላይ መቁጠር አያውቅም ነበር አልኳት። ሰውየው ከተቀበረ ገና ዓመቱ ነበር። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ፤ ግን ይቅርታ ማለት አልሆነልኝም፣ ዘጋኋት፣ ዘጋችኝ። አራት ዓመት። እሷ ስታስል በግድግዳው በኩል እሰማለሁ፤ ምን አባቷ እላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ሳሏ እስኪቆም እንቅልፍ አይወስደኝም።

እሷን ከምለምን ጣሪያ አልባ ብቀር ይሻለኛል አልኩና ሦስት ሆቴል ያለውን ዶን ኤቫሪስቶን መረጥኩ። ሰፈሩም ይቀናል። ዳቦውን ይዞ መሄድ ያለበት የቤቱ ባለቤት ራሱ ነው፤ እኔ ግን ጉልበቴን አሞኝ ስለነበር አናክሌቶን ላክሁት። ቁልቁል ውረድ፣ የኢንካ ግንብ ላይ ሰማያዊ በር ታገኛለህ፣ እሱ ነው አልኩት።

አፌን በቆረጠው። እኛ መንገድ ላይ ግንቡ የኢንካ ያልሆነ፣ በሩም ሰማያዊ ያልሆነ ቤት ካለ እስቲ አሳዩኝ። እኔማ እያንዳንዱን በር እንደ ልጆቼ ፊት ስለማውቀው፣ ለእንግዳ ሁሉም አንድ እንደሚመስል ትዝም አላለኝ።

አናክሌቶ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ተመለሰ። ሴትዮዋ በጣም ደስ እንዳላቸው፣ እፊቱ ቆርሰው እንደበሉ በኩራት ነገረኝ። የምን ሴትዮ አልኩት፤ ዶን ኤቫሪስቶ ሚስቱን ከቀበረ ሰባት ዓመቱ ነው። ወጣና በጣቱ ጠቆመልኝ። የዶሚቲላ በር።

ክው አልኩ። ምስኪኑን ግንበኛ የአፌን ሁሉ አወረድኩበት፤ እሱም መሰላሉ ላይ ወጥቶ እስኪመሽ አልወረደም። እኔ ደግሞ ምሳዬን እንኳ መብላት አቃተኝ። ስህተት ነው ካልኳት፣ በልታ የጨረሰችውን ዳቦ ከአፏ እንደ መንጠቅ ነው፤ ሁለተኛ ዓይኗን አላይም። ዝም ካልኩ ደግሞ በውሸት አበልጅ ላደርጋት ነው፤ ቅዳሜ መንደሩ ሁሉ እያጨበጨበ እኔ ብቻ የማውቀውን ይዤ እንዴት አቅፋታለሁ? እሷን ማጣት እንደገና ከዜሮ ሊጀምር ነው ብዬ ፈራሁ።

በማግስቱ ጧት እያነከስኩ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ጠረጴዛዋ ላይ ጋዜጣ ተነጥፎ ሁለት የሸክላ በሬዎች ቆመዋል፤ ጎህ ሲቀድ ገበያ ወርዳ ገዝታቸዋለች። በእርጥብ ጨርቅ አንዱን እየወለወለች፣ ትናንት የተለያየን ይመስል፣ የግራው ትንሽ ሸውራራ ነው፣ ከሩቅ ግን አይታወቅም አለችኝ። እንዳልነግራት ፈለግሁ፤ ግን እንዲህ ዓይነት ነገር ሆዴ አይችልም።

«ዶሚቲላ፣ ዳቦው ላንቺ አልነበረም። ለዶን ኤቫሪስቶ ነበር።»

መወልወሏን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት ታውቂያለሽ?»

«ግንበኛሽ የዶን ኤቫሪስቶ ቤት ይሄ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ ነው አልኩት።» ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኖቿ እንባ አቅርረዋል። «ሐሳቡን ሳይቀይር ቶሎ ብዬ ጎረስኩ። አንቺ እስክትመጪ ብጠብቅማ፣ ሉክሬሲያ፣ ሁለታችንም ተቀብረን ነበር።»

ወንበሩ ላይ ተዘረፈጥኩ። መሳቅ ጀመርኩ፤ ሳቄ መሃል ላይ ተበላሸና ለቅሶ ሆነ። እሷ ከመደርደሪያው የተረፈውን ግማሽ ዳቦ አውርዳ ጎርዳ ጎርዳ ቆረሰችና እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ብይ አበልጅ፣ ጠላም አለ አለችኝ።

ለባሌም ሆነ ለእናቴ፣ ለማንም ይቅርታ ብዬ አላውቅም። ያን ጧት ግን አፌ በዳቦ እንደተሞላ ተናገርኩት። ምን እንዳልኩ አልተሰማትምና ደግሜ አልኩት።