የተንኳኳው በር

በቴሌቪዥን የሚታየው የረጅሙ የወንጀል ድራማ የመጨረሻ ምዕራፍ ሊጀምር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በልብስ ስፌት ቤቱ ከስፌት መኪናው ይልቅ የሰው አፍ በልጦ ይሰማ ነበር። ጥያቄው አንድ ነው፤ በድራማው ከቤት ወጥቶ የቀረውን ወጣት ማን ገደለው?

«ፖሊሱ ካልሆነ ጺሜን እላጫለሁ!» አለ ቆራጩ።

«ሦስቷን ፀጉር?» አለች ቁልፍ የምትተክለው። «አጎቱ ነው እንጂ። ሰውየው ሲስቅ እንኳ ያስፈራል።»

ልብስ የምትተኩሰውን ማንም ጠይቋት አያውቅም። የእሷም ወንድም ከቤት እንደወጣ ከቀረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ቆራጩ ግን በሞቅታ ረሳና፣ «አንቺስ፣ እታለም?» አላት።

«እህቱ ናት» አለች፣ ካውያዋን ሳታቆም።

«እሷ ደግሞ ምን በወጣት! ቤት መች ነበረች?»

«ነበረች። ተጣልተው ወጣ። ሲመለስ አንኳኳ። ትንሽ ዝናብ ይምታው፣ ልብ ይግዛ ብላ አልከፈተችለትም።»

ቁልፍ ተካይዋ አምስቱንም ምዕራፍ ደጋግማ አይታለች፤ በር የተንኳኳበት አንድም ቦታ የለም። ይህን ልትናገር ቀና ስትል የጓደኛዋን ፊት አየችና ተወችው።

ያኔ የስፌት ቤቱ በር ተንኳኳ። ሁልጊዜ ተሽቀዳድማ የምትከፍተው ያቺው ልብስ ተኳሽ ስለነበረች «ዘበኛችን» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። አሁንም ካውያዋን ልብሱ ላይ ትታ ሮጠች። በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም።

ቁልፍ ተካይዋ ካውያውን ስታነሳ ጨርቁ አርሯል።

«ሱሪዬ ደረሰ?» አለ ከደጅ የአንድ ደንበኛ ድምፅ።