አርባ ሺህ በይ

ገዲሴ በንቲ ከውበት ማሠልጠኛው ስትመረቅ የተሰጣት ሰርተፍኬት ወርቃማ ፍሬም ነበረው፤ የፍሬሙን ዋጋም ዕዳዋ ላይ ደምረውባታል። ስድስት ወር ሙሉ የፕላስቲክ ጭንቅላት ስታጥብ፣ ስትጠቀልልና ስታደርቅ ከርማለች። የፕላስቲክ ጭንቅላት ጥሩ ደንበኛ ነው፤ የማድረቂያው ካስክ አቃጠለኝ አይልም፣ ከመስታወቱም ጋር አይጣላም። ችግሩ አይከፍልም።

ትምህርቱ ከነፍሬሙ ስልሳ ሺህ ብር ፈጀ። ሃያውን አባቷ አቶ በንቲ ጊደር ሸጠው ከፈሉ። አቶ በንቲ ላፍቶ ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበትን መሬት ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን የቀሯቸውን ሁለት ላሞች እያለቡ፣ ወተቱን እዚያው ሕንፃ ላይ ፎቅ ለፎቅ ይሸጣሉ። "ጤፍ ዘርቼበት አራተኛ ፎቅ በቀለ" ይላሉ ደረጃው ሲያደክማቸው። ቀሪውን አርባ ሺህ ገዲሴ ሥራ ስትይዝ በየወሩ ሁለት ሺህ አምስት መቶ እየከፈለች ልትጨርስ ተስማማች፤ አባቷም ዋስ ሆነው ፈረሙ።

ሥራ አላጣችም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር ጸጉር ቤት ያላት ሐሚዳ ወሰደቻት። ደሞዝ የለም፤ ከሠራችው ላይ ሠላሳ በመቶ። ነገር ግን ዘንድሮ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ጾም አንድ ላይ ገጠመና ጀሞ ላይ ማማር የሚፈልግ ሰው ጠፋ። ሰርግ ከሌለ ማን ጥፍር ይቀባል? ገዲሴ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወሮች ከፍላ የቀጣዮቹን ሁለት ወሮች ክፍያ አሳለፈች። ለአባቷ አልነገረችም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ የማሠልጠኛው ሥራ አስኪያጅ ኢያቄም ደወለ።

"ገዲሴ የኔ ቆንጆ፣ ዕዳሽን ልቀንስልሽ ነው።"

ገዲሴ ስልኩን ከጆሮዋ ለይታ የደዋዩን ስም አየች። እሱው ነው።

"ቅዳሜ የምዝገባ ቀን ነው" አለ። "መጥተሽ በወር ስንት እንደምታገኚ ለአዲሶቹ ልጆች ትነግሪያቸዋለሽ። አምስት ሺህ እሰርዝልሻለሁ።"

"ባለፈው ወር ስድስት ሺህ ስምንት መቶ አገኘሁ።"

ኢያቄም ጉሮሮውን ጠራረገና "አርባ ሺህ በይ" አላት።

በማግስቱ ጸጉር ቤቱ ውስጥ መስታወት ፊት ቆማ ስትለማመድ ሐሚዳ ደረሰችባት።

"አርባ ሺህ?" አለች ሐሚዳ፣ የጸጉር መጠቅለያውን ቢጎዲን እየለቀመች። "እንደሱ ከሆነማ ቀጥሪኝ እንጂ! እኔ ባለቤቷ እንኳ አርባ ሺህ የሚባል ነገር በዓይኔ አላየሁም።"

"ምን ላድርግ እትዬ? ለአዲሶቹ ልጆች እንዲህ ካልኩ ከዕዳዬ አምስት ሺህ ይሰረዝልኛል።"

ሐሚዳ ጥቂት አሰበችና ከመደርደሪያው ላይ ረጅሙን ሂውማን ሄር ዊግ አውርዳ ጭንቅላቷ ላይ ደፋችባት። "ከዋሸሽ አይቀር ደህና አድርገሽ ዋሺ። አርባ ሺህ የምታገኝ ሴት በዚህ ጸጉር አትሄድም። ሰኞ ታጥቦ ይመለሳል።"

ቅዳሜ አዳራሹ በልጃገረዶችና በወላጆች ጢም ብሏል። ነጭ ሰሌዳው ላይ ኢያቄም በትልቁ "40,000 × 12 = 480,000" ብሎ ጽፏል። ገዲሴን እጇን ይዞ ወደ ፊት አወጣት። ሙቀቱ ያፍናል፤ ዊጉ ሥር ላቡ ይንቆረቆራል።

"በወር አርባ ሺህ ብር አገኛለሁ" አለች።

አጨበጨቡላት። አንዲት እናት "ተባረኪ" አሉ። ገዲሴ ለአፍታ ራሷም ደስ አላት።

ያኔ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። አቶ ቱሉ ናቸው፣ የነገዲሴ የላፍቶ ጎረቤት። አጠገባቸው ሌንሳ የምትባለው ልጃቸው ተቀምጣለች።

"አንቺ የበንቲ ልጅ አይደለሽም?"

"ነኝ ጋሼ።"

"እሰይ! እኔ ደግሞ ለዚች ልጅ ብዬ ላሟን ልሸጥ ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። በወር አርባ ሺህ ከገባልሽ፣ አባትሽ ዛሬ ጠዋት ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ይሠራል? ስፖርት ነው?"

አዳራሹ ሳቀ። ኢያቄም አብሮ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። ገዲሴ ፊቷ ጋለ። አቶ ቱሉ ያለቻቸው አንዲት ላም ብቻ መሆኗን ታውቃለች። ራሷን ልታክክ እጇን ስትሰድ ዊጉ ወደ ጎን ዞረ። አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ይሄም የተዋስኩት ነው" አለች።

ማርከሩን አንስታ የኢያቄምን ሒሳብ በመዳፏ ጠረገችና የራሷን ጻፈች። ገቢ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ። ታክሲ ሺህ ሁለት መቶ። ምሳ ሺህ አምስት መቶ። የጥፍር ቀለም፣ ሙጫና ሞረድ ዘጠኝ መቶ። ለማሠልጠኛው ሁለት ሺህ አምስት መቶ። ከታች አስምራ "700" ብላ ጻፈች።

"ይሄ ክፍያውን በምከፍልበት ወር ነው። ሁለት ወር አልከፈልኩም።"

"የምትሠራበት ቤት ችግር ነው!" አለ ኢያቄም። "ጎበዝ ተማሪዎቻችን..."

"ልጄ፣ ትምህርቱ ራሱስ ምንም አልረባሽም?" አሉ አቶ ቱሉ፣ እሱን ከቁብ ሳይቆጥሩ።

ገዲሴ በሐቅ አሰበች። መዋሸቱ አንዴ ቀርቷል። "ጥፍሩ ረብቶኛል። ገቢዬ በሙሉ ከጥፍር ነው። ጸጉሩን ሐሚዳ በሁለት ሳምንት እንደ አዲስ አስተማረችኝ። ጥፍሩ ደግሞ ከስድስት ወሩ ውስጥ አምስት ሳምንት ነው።"

አቶ ቱሉ ከብት ተራ እንደቆሙ ሁሉ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ወደ ኢያቄም ተጠጉ። "በል እንግዲህ። ጥፍሯን ብቻ በስንት ትሸጥልኛለህ?"

"አባት፣ እኛ ለያይተን አንሸጥም።"

ወላጆች ቦርሳቸውን እያነሡ ወደ በሩ ማምራት ጀመሩ። ኢያቄም በሩን አየ፣ ሰሌዳውን አየ። "አሥራ አምስት ሺህ" አለ።

በዘጠኝ ሺህ ተስማሙ። ሌንሳና ሌሎች አሥር ልጆች ጥፍር ብቻ ተመዘገቡ፤ የቀሩት ወጥተው ሄዱ። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ኢያቄም ገዲሴ ላይ ዞረ።

"አምስት ሺህዋን እርሺያት።"

"ረስቻታለሁ። ያለፈውን ሁለት ወር ግን መጨረሻ ላይ አድርግልኝ።"

"በምን አፍሽ?"

"በዚሁ አፌ። በሚቀጥለው ምዝገባም ሰው መሀል ቁጭ ልል እችላለሁ።"

ቅጣት ሳይጨምር አስተላለፈላት፤ ወረቀት ላይም አስፈረመችው።

ቤት ስትደርስ ወሬው ቀድሟታል። አቶ በንቲ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቋት። ዋስ መሆናቸውን፣ ሁለት ወር መዝለሏን፣ መዋሸቷን ሁሉ ሊያነሡ ነው ብላ አንገቷን ደፋች።

"ቱሉ ሲደውል መጀመሪያ የነገረኝ አርባ ሺህ ታገኛለች ማለትሽን ነው" አሉ። "ሌላውን እስኪነግረኝ ድረስ ሁለት ደቂቃ ያህል ሀብታም ነበርኩ። ምን የመሰለ ነገር መሰለሽ!"

ገዲሴ ሳቋ አመለጣት፤ ከሳቁ ጋር እንባዋም መጣ። አባቷ እስክትጨርስ ጠበቋት።

"ከእንግዲህ ክፍያ ሲያልፍሽ ለእኔ ንገሪኝ" አሉ ከዚያ፣ ድምፃቸውን ጠበቅ አድርገው። "የፈረምኩት እኔ ነኝ። ከሰው አፍ አልስማው።"

"እሺ አባዬ።"

ሰኞ ጠዋት ገዲሴ ጥፍር በሠራች ቁጥር ግማሹ እንዲደርሳት ሐሚዳን ጠየቀቻት። ሐሚዳ ተሳደበች፣ አላህን ምስክር ጠራች፣ የኪራዩን መወደድ ዘረዘረች፤ ከቀትር በኋላ ግን በአርባ በመቶ ተስማማች። ገዲሴ የዚያን ቀን ሦስት ሴቶች ሠርታ፣ ሰባት ታክሲ ሞልቶ እስኪሄድ ተሰልፋ ወደ ላፍቶ ተመለሰች። ዕዳው ገና ሠላሳ አምስት ሺህ ይቀረዋል።