የሴፌሪኖ መቃብር ቀለም

ክሪስፑላ የሙታን ቀን ሳይደርስ የአባቷን መቃብር ላጥብ ብላ ባልዲዋን አንጠልጥላ ብትሄድ፣ መቃብሩ ቀይ ሆኖ ጠበቃት። ጣቷን ብታስነካው ተጣበቀባት። ገና አልደረቀም።

በዚያ የፓራጓይ መንደር ሰው ሲወለድ ወይ ቀይ ነው ወይ ሰማያዊ። ፓርቲ እንደ አፍንጫ ከአባት ይወረሳል እንጂ አይመረጥም። የአንገት ጨርቁ፣ የበሩ ቀለም፣ ሲሞትም መቃብሩ ሳይቀር ያንኑ ይመስላል። የክሪስፑላ አባት ሴፌሪኖ ሰማያዊ ነበር። አንድ ጄኔራል በቀዮቹ ስም አገሩን ቀጥ አድርጎ በያዘበት ዘመን ሁለት ጊዜ ታሰረ፤ ከሁለተኛው እስር እያነከሰ ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ጄኔራሉ ከወደቀ ወዲህ በየዓመቱ መቃብሩን ሰማያዊ የምትቀባው እሷ ናት።

የመቃብር ቦታው ዘበኛ ትራንኪሊኖ ከማንጎው ሥር ተቀምጦ በቀዝቃዛ ውሃ የተዘፈዘፈ የቅጠል መጠጡን፣ ቴሬሬውን፣ ይመጥጣል።

«ማነው የቀባው?»

«አላየሁም፣ ዶኛ።»

«አምና አበባ የበላችውን ፍየል ከነባለቤቷ ስም የጠራህ ሰው፣ ይሄን አላየህም?»

«ፍየሏ በቀን ነዋ የመጣችው።» ቴሬሬውን ደገመ። «ደሞ ምን ያናድድሻል? እዚህ አገር ሙታንም ድምፅ ይሰጣሉ። አባትሽ ሐሳባቸውን ቀይረው ይሆናላ።»

እሱ ሳቀ፤ እሷ እጁን አየች። ያ አፈር የማይለቀው ጥፍሩ ተፈትጎ ነጥቷል፤ ቤንዚን ቤንዚንም ይሸታል። ባልዲዋን አንስታ ወጣች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

የማዘጋጃ ቤቱ ምርጫ ደርሷል። የቀዮቹ ዕጩ ኦስቫልዶ ይባላል፤ በጄኔራሉ ዘመን የመንደሩ የፓርቲ አለቃ የነበረው ሰውዬ የልጅ ልጅ ነው። የክሪስፑላ ልጅ ሚርታ ደግሞ ነርስነት ተምራ ጨርሳ፣ የመንደሩ ጤና ጣቢያ እስኪቀጥራት ቤት ቁጭ ብላለች። ቅጥሩ በማን እጅ እንዳለ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ የማያውቅ ግን የለም።

በማግስቱ ክሪስፑላ ገበያ ዳር ሙቀጫዋን ዘርግታ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ቴሬሬው ውስጥ የሚጨምረውን መድኃኒት ቅጠል የምትወቅጠው እሷ ነበረች። ያን ቀን ግን ሰማያዊ የሆነ ሁሉ አንገቱን አዙሮ ያልፋል። የሰው እጅ የነካውን ቅጠል የሚጠጣ፣ ያን እጅ ካላመነ አይጠጣም።

አበልጇ ኒዲያ ባዶ እጇን መጣች።

«ፔርሙስሽን የት ጣልሽው፣ አበልጄ?»

«ቤት ጠጥቼ ነው የወጣሁት።»

«ባልሽ አዘጋጅቶልሽ? እሱ በረዶም ቢሰጡት ያሳርራል!»

ኒዲያ አልሳቀችም። «ቀዮቹ ስንት ቆርቆሮ ሰጡሽ?»

«ምን አልሽ?»

«ጣሪያሽ ያፈስ የለም? ለአባት አጥንት ስንት ቆርቆሮ ነው የሚከፈለው?»

«እኔ አልቀባሁትም!»

«ታዲያ መቃብሩ አፍሮ ነው የቀላው?» ብላት ሄደች።

ክሪስፑላ ዘነዘናዋን እንዳነሳች ቀረች። ጥላ ሲያርፍባት ቀና ብትል ኦስቫልዶ ነው፤ ቀይ ጨርቁን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ይስቃል።

«ዶኛ ክሪስፑላ፣ እንኳን ወደ ቤትዎ ተመለሱ።»

«አንተ ነህ ያስቀባኸው?»

«በቅዱሳን ስም፣ እኔ አይደለሁም። ደስ አላለኝም ብዬ ግን አልዋሽም።» ጎንበስ አለ። «አባትዎ የተኙበትን መሬት የፈቀደላቸው አያቴ ነው። ካላመኑኝ እናትዎን ይጠይቁ። ሚርታንም ሰላም በሉልኝ፤ ነጭ ልብስ ያምርባታል።»

ክሪስፑላ ሙቀጫዋን ሸክፋ፣ ቢላዋ ይዛ በቀጥታ ወደ መቃብሩ ሄደች። ፋቀችው። ከቀዩ ሥር የገዛ እጇ ሰማያዊ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርቦ ወጣ። ልትፍቅ ያሰበችው ቀዩን ብቻ ነበር፤ እልኋ ግን አላስቆም አላት። ወደ ሲሚንቶው ስትደርስ፣ ከሰማያዊው ሁሉና ከነጩ ኖራ ሥር፣ ያረጀ ቀይ ብቅ አለ። እሷ ያልቀባችው፣ አይታውም የማታስታውሰው።

እናቷ ፔርፔቱዋ ጓሮ ተቀምጣ ካሳቫ ትልጣለች።

«እማዬ፣ ከሥሩ ቀይ ነው።»

አሮጊቷ እጇን አላቆመችም። «ይሆናል። እኔ ነኝ የቀባሁት።»

«መቼ?»

«የተቀበረ ዕለት። የኦስቫልዶ አያት የቀለም ጣሳ ይዞ የመቃብር ቦታው በር ላይ ቆመ። ‹ቀይ ካልቀባሽው ከአጥሩ ማዶ ከውሾቹ ጋር ቅበሪው› አለኝ። አንቺ ነፍስ ሳታውቂ ቀሚሴን ይዘሽ ታለቅሻለሽ። ምን ላድርግ? ቀባሁት። ኋላ ሰውየው ሲሞት በኖራ ሸፈንኩት።»

«የአሁኑንስ?»

«የአሁኑንም እኔ ነኝ ያስቀባሁት። ለትራንኪሊኖ ሁለት ዶሮ ሰጥቼ። ሚርታ ትቀጠርልኝ ብዬ ነው። ያኔ ሰርቶልኛል፤ አሁንም ይሰራል።»

«አባዬ እኮ ሰማያዊ ነበር!»

አሁን ገና ፔርፔቱዋ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ከሁለተኛው እስር እንዴት የወጣ ይመስልሻል? አብሮት የተያዘው የኒዲያ አጎት አልተመለሰም። አባትሽ ተመለሰ።»

ክሪስፑላ አጠገቧ ቁጭ አለች። «ቀይ እሆናለሁ ብሎ ፈርሞላቸው ነው? ወይስ ሰውየውን ጠቁሞ?»

«እኔ አልጠየቅኩትም። እሱም አልነገረኝም። እስኪሞት በአንድ አልጋ ተኛን።»

ሚርታ ከኩሽናው በር ሁሉንም ሰምታለች። ክሪስፑላ አየቻት።

«ሰማያዊ ልቀባው ነው፣ ልጄ። ምን እንደሚያመጣብሽ አውቃለሁ።»

«አያቴ እንደዚያ አድርጎም ቢሆን?»

«አድርጎም ቢሆን። ቀዩን ሁለቴም የቀባው ፍርሃት ነው። ሰማያዊውን ግን ማንም አስገድዶ አላስቀባኝም።»

ሚርታ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ገብታ ነጩን ልብሷን አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተችው። «ዋና ከተማው አሱንሲዮን ውስጥ ሆስፒታል አይጠፋም» ነው ያለችው።

ክሪስፑላ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ሰው እያያት፣ የሰማያዊ ቀለም ጣሳዋን በአደባባዩ መሐል ይዛ አለፈች። መቃብሩ ዘንድ ተንበርክካ መቀባት ጀመረች። ከአጥሩ ማዶ የኦስቫልዶ መኪና ቆመ፤ መስኮቱ ዝቅ አለ፤ ስልክ የያዘ እጅ ወጣ፤ ፎቶ አንስቶ ሄደ።

ትንሽ ቆይቶ ኒዲያ እየሮጠች ደረሰች።

«አውቅ ነበር! አበልጄ፣ ምላሴን ይቁረጠው፤ ይቅር በዪኝ። አምጪ፣ አንዱን ጎን እኔ ልቀባው።» ትርፉን ብሩሽ አነሳች።

ክሪስፑላ ከእጇ ነጠቀቻት።

«አንቺ አትቀቢውም።»

«አሁንም ተቀይመሽኛል?»

«አልተቀየምኩም። ከአጎትሽ ጋር ተይዞ አባቴ ብቻ ነው የተመለሰው። ለምን እሱ ብቻ እንደተመለሰ አላውቅም። እናቴም አታውቅም። ሳላውቅ አንቺን ላስቀባሽ አልችልም።»

ከኒዲያ ፊት ፈገግታው ጠፋ። አጎቷ የሚቀባ መቃብር እንኳ የለውም። መቃብሩን አየች፤ ክሪስፑላን አየች፤ ዘወር ብላም ባዶውን መንገድ አየች።

«ለምን ነገርሽኝ?» አለች። «ዝም ብትዪ እኮ እስከዛሬ እንደኖርነው እንኖር ነበር።»

«በአባቴ ስም ስትስቂልኝ ማየት አልቻልኩም።»

ትሄዳለች ብላ ክሪስፑላ ጠበቀች፤ ኒዲያ አልሄደችም። ጎን ያለው መቃብር ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

«ቀቢ» አለቻት። «እኔ እዚሁ ሆኜ አያለሁ።»

ክሪስፑላ ብሩሹን ጣሳው ውስጥ ነከረች። የኒዲያ ዓይን ከእጇ ላይ አልተነሳም።