የኩሬዋ ወንፈል

ልጆቼ፣ እኛ ከይጁቤ ወዲያ ማዶ ያለን ሰዎች፣ ታቦታችን ለጥምቀት የሚወርደው አንዲት ኩሬ ዘንድ ነበር። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ክረምቱ ሲወጣ ይህች ኩሬ አረንጓዴ ለበሰች። አረንጓዴ ስላችሁ የሣር ዓይነት አይደለም፤ ቀለም የደፉባት ነበር የምትመስለው። ሽታዋም አያስጠጋ።

ሽማግሌዎቹ መከሩና፣ "ካልጠራች ታቦቱ ዘንድሮ ቆላ ወንዝ ይወርዳል" አሉ።

ይህን ሲሰሙ እማማ ወለተ ሰንበት አለቀሱ። ከኩሬዋ በላይ የሚኖሩ፣ እግራቸው የማይታዘዝላቸው አሮጊት ናቸው። ዓመት ጠብቀው ታቦቱን የሚያዩት ከደጃቸው ተቀምጠው ነው። ቆላ ማን ያወርዳቸዋል?

ደቦ ወጣንና አረንጓዴውን በቅልም በእንቅብም ዛቅነው። የጥምቀት ውኃ ያፈራው ነውና የትም አይጣልም፣ እግርም አይረግጠውም። እዚያው ዳር ላይ በክብር ከመርነው፤ አጥርም አጠርንለት። የመጨረሻው ዝናብ ጣለና ኩሬዋ ከፊቱ ይልቅ ባሰባት።

የብርጓል የምትባለው የእማማ የልጅ ልጅ ደብረ ማርቆስ ታስተምር ነበር። አንድ ቅዳሜ መጥታ ከኩሬዋ በሁለት ጠርሙስ ቀዳች። የአንዱን አረንጓዴ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ደጋግማ አጠበችው፤ ሌላውን እንዳለ ተወችው። ሁለቱንም ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

በሳምንቱ ስትመለስ ያልታጠበው ደርቷል፤ የታጠበው ገርጥቷል።

"ምነው ልጄ፣ ንጹሑ ከሳ?" አሉ እማማ።

ከተማሪ ቤት የተዋሰችውን ማይክሮስኮፕ አስተካክላ፣ "ይዩት" አለቻቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ። እኛም በየተራ አየን። አረንጓዴ ክር ነው፣ እንደ ዶቃ የተሰካካ። በዙሪያው ደግሞ ከነጥብ የሚያንሱ ነገሮች ይርመሰመሳሉ።

"ክሩ አልጌ ይባላል፤ ነጥቦቹ ባክቴሪያ ናቸው" አለች የብርጓል። "አልጌው በፀሐይ ምግብ ይሠራና ያቀምሳቸዋል። እነሱ ደግሞ የበሰበሰውን ፈጭተው፣ እሱ ራሱ የማይችለውንም ሠርተው ይሰጡታል። ሳጥበው ብዙዎቹን ለየሁበት፤ ከሳ። የሚጎዱትም አሉ፤ እነዚህ ግን ተስማምተውታል።"

"ይህማ ወንፈል ነው!" ብለው ሳቁ እማማ። "በሬ የለ፣ ሞፈር የለ! ከእናንተ ከሰነፎቹ ይሻላሉ።"

እኔን እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ያ ሁሉ ብድር መመላለስ በአንዲት የውኃ ጠብታ ውስጥ! ፈጣሪ ለዓይን የማይሞላውን እንኳ ጎረቤት አላሳጣውም።

"ዳር የከመራችሁት በዝናብ እየታጠበ ቀለብ ሆኗቸዋል" አለች የብርጓል። "ይራቅ፤ እበቱም ያው ቀለብ ነውና ከብት አይግባባት።"

መምሬ ድረስ የሚባሉት የደብሩ ቄስ ፊታቸው ጠቆረ። "የተባረከ ውኃ ያፈራውን የት እንጥላለን?"

"የደብሩ መሬት አልተባረከም እንዴ?" አሉ እማማ። "ማዶ ከቅጥሩ ወይራ ሥር ቅበሩት። ወይስ መምሬ እኔን አዝለው ቆላ ሊወርዱ ነው?"

"በዚህ ወገቤ?" አሉ መምሬ። መቆፈሪያውን መጀመሪያ ያነሡት እሳቸው ነበሩ።

ጥምቀት ሲቃረብ ኩሬዋ ዳር ዳሯ ገና አረንጓዴ ነበር። ሽታው ግን ጠፍቶ መካከሏ ሰማይ ያሳያል። ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩና፣ "ይረጫል እንጂ አይጠጣም፤ ታቦቱ ግን ይወርዳል" አሉ።

የከተራ ዕለት ታቦቱ ቁልቁል ሲመጣ እማማ ደጃቸው ላይ ሆነው እልልታውን አቀለጡት።

"ቀስ ይበሉ፣ ትንፋሽ ያጥርዎታል" አለች የብርጓል እጃቸውን ይዛ።

"ዓመት ሙሉ ያጠራቀምሁት ነው፤ ተይኝ!" አሏት።